ዝዝ የሚለው ወይስ ዝም የሚለው

ማክሰኞ

ጊታሩ ድምፅ የለውም። ገመዱን ቀየርን፣ ሶኬቱን ቀየርን፣ አምፕሊፋየሩን ነካካን፤ ምንም።

የእማዬ ሙት ዓመት ቅዳሜ ወጣ። እኔ ጥቁሬን አወለቅኩ። አባዬ ደግሞ ዛሬ ጠዋት፣ ማንም ሳይነግረው፣ በዚያ ዕድሜው ወንበር ላይ ወጥቶ ጊታሩን ከቁም ሣጥኑ አናት አወረደ። ሐዘን ቤት ዘፈን አይነካም ብሎ አምና በአንሶላ የጠቀለለው ራሱ ነው። በወጣትነቱ ሶደሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጫወትበት የነበረው፣ ሆዱ ባዶ የሆነው ትልቁ ቀይ ጊታር።

ዓመቱን ሙሉ ከ«እሺ» እና ከ«ይበቃኛል» በላይ ብዙም አልተናገረም። ስለዚህ ጊታሩን ከአንሶላው ሲፈታ ሳየው ሥራዬን ትቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰካው። ክሩን መታው። ዝም። ደግሞ መታው። ከዚያ ቀስ ብሎ አልጋው ላይ አስተኛውና «እሷው ይዛው ሄዳለች» ብሎኝ ወደ ደጅ ወጣ።

ሁለተኛ አያወርደውም። አውቀዋለሁ።

ረቡዕ

ላሠራለት ብዬ ጊታሩን ገመቹ ጋ ወሰድኩት። ገመቹ ገበያው አጠገብ ሞንታርቦና ቴፕ የሚጠግነው ነው። ሚስቱ እርጉዝ መሆኗን፣ ከእናቷም ጋር መታረቋን ሳልጠይቀው ነገረኝ። ጊታሩን ከፍቶ ካየ በኋላ የሞተው ፒክአፑ ነው አለ፤ ከክሮቹ ሥር ተቀምጦ ድምፁን ወደ ገመዱ የሚያሳልፈው። ውስጡ የተጠቀለለውን ቀጭን ሽቦ ዝገት በልቶታል።

ሁለት ዓይነት አለኝ አለ። ባለ አንድ ጥቅሉ በድሮው ቀዳዳ ልክ ይገባል፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ክሩ ሳይነካም ዝዝ ይላል። ባለ ሁለት ጥቅሉ ድምፁ ወፈር ይላል፤ ካልተመታ ዝም ነው፤ ግን ሰፊ ስለሆነ የጊታሩ ደረት መቆረጥ አለበት።

«ለትልቅ ሰው ዝም የሚለው ይሻላል፤ ዝዝታው ጆሮ ይበላል» አለኝ።

የአባዬ ጆሮም እየደከመ ነው። ዝም የሚለውን መረጥኩ። ነገ ይቆርጠዋል።

ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በር ላይ ያዙኝ። ጊታሩ ሲወጣ አይተዋል፤ የማያዩት ነገር የለም። ሸጣችሁት ወይ አሉኝ። ሊሠራ ነው ስላቸው፣ ገና ዓመቱ ከመውጣቱ እንዴት ነው ነገሩ ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ሐሙስ

ገመቹ ደወለ። ሊቆርጥ ሲል የጊታሩን ሆድ በባትሪ ቢያይ ጨርቅ ተጠቅጥቆበታል። ሄድኩ። አቧራ የጠገበ የነጠላ ቁራጭ ነው፤ ጥለቱ አረንጓዴ። ቤት ወስጄ በሳሙና ዘፈዘፍኩት፣ አጠብኩት፣ አሰጣሁት። እኛ ቤት የተገኘ ጨርቅ ሁሉ ይታጠባል።

ከሰዓት አባዬን ከተሰጣው ሥር ቆሞ አገኘሁት። ጥለቱን በሁለት ጣቱ ይዞታል።

«ማነው ያወጣው?»

ሁሉንም ነገርኩት፤ ሁለቱን ዓይነት፣ ሊቆረጥ መሆኑንም። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ቁጭ ብሎ ማውራት ጀመረ። ሶደሬ አዳራሹ ሲሞላ አምፕሊፋየሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ያኔ ባዶው ሆድ ያስተጋባና ጊታሩ በራሱ ጊዜ መጮህ ይጀምራል። ሰው ይስቃል። አንድ ቅዳሜ እማዬ፣ ያኔ እጮኛው ናት፣ ከፊት ወንበር ተነሥታ መጣች። ነጠላዋን ለሁለት ቀደደችውና ግማሹን በጊታሩ ክፍተት ጠቀጠቀችው። ጩኸቱ ቆመ። በቀረው ግማሽ ትከሻዋን ሸፍና ተመልሳ ተቀመጠች።

«አዲስ ነበር» አለኝ። «ያን ቀን ነው የለበሰችው።»

እስከ ዛሬ ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

በመጨረሻ «አይቆረጥም» አለ። «ዝዝ የሚለውን ይግጠምልኝ።»

ዓርብ

መብራት የለም። ገመቹ መበየድ አልቻለም። ንፋሱ ግቢውን አቧራ አልብሶታል። አባዬ ደጋግሞ «መብራት መጣ?» ይለኛል።

የደረቀውን ቁራጭ ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ አየሁት። ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው። ምነው ባላጠብኩት።

ቅዳሜ

አብሬሽ እሄዳለሁ አለ። በባጃጅ ሄድን። ከቀብሩ ወዲህ ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልወጣም ነበር። ገመቹ ከመቀመጫው ተነሥቶ በኦሮምኛ «አካም ጂርቱ፣ ጋሼ» ብሎ ደኅንነቱን ጠየቀው። አባዬም በዚያው ቋንቋ «ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ ብሎ እጁን ያዘው። ፒክአፑ ከክሮቹ ምን ያህል ይራቅ በሚለው ተከራከሩ። አባዬ ሲከራከር ሰማሁት። እንዳያዩኝ ደጅ ወጥቼ ቆምኩ።

ቤት ስንገባ ነጠላውን ራሱ፣ በሹካ እጀታ እየገፋ፣ ወደ ቦታው መለሰው። እትዬ አስካለ አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል። ይቁሙ።

ሰካው። ክፍሉ ዝዝ አለ። ክር ሳይነካ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዝዝታውን ብቻ እየሰማ ብዙ ቆየ። ላጥፋው ወይ ልለው ነበር፤ ተውኩት። ከዚያ ወፍራሙን ክር አንዴ መታና ድምፁ እስኪያልቅ ጠበቀው።

«ነገ» አለ።

አምፕሊፋየሩን አጠፋ። ጊታሩን ግን ወደ ቁም ሣጥኑ አናት አልመለሰውም። እማዬ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ አስደግፎት ገባ። ገመዱንም አልነቀለውም።