ልጅዎ መጨረሻ የበላው

ለንደን፣ ቶተንሃም
ጥቅምት 18 ቀን 2010 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ ለባለቤቴ እናት፤

እንዴት ከርመዋል፣ እማ? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነልዎ? ሶፊያ ባለፈው ስትደውል «እናቴ ቁጭ ብላ መነሣት አቅቷታል» ብላኝ ሐሳብ ይዞኛል። አሁን ኮምቦልቻ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስለወጣ ትንሽ ሳይሻልዎ አይቀርም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። እኔ አለሁ። ደህና ነኝ ብልዎ አያምኑኝም፤ ደህና አይደለሁም እንዳልል ደግሞ ከእናት ኀዘን ፊት የራሴን ማስቀደም ይሆንብኛል። አላህ ለእርስዎ ጽናቱን ይስጥዎ፤ ለኔም የኔው አምላክ እንዲሁ ያድርግልኝ።

ይህን ደብዳቤ ያመጣችልዎ ውብነሽ ትባላለች፤ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ደሴ እናቷን ልትጠይቅ ስትነሣ በእርስዎ እጅ እንጂ በሌላ በማንም እጅ እንዳትሰጥ አስምያታለሁ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል መቁጠርዎን፣ ለደብዳቤ አንባቢ እንደማይለምኑ ልጅዎ ሁሌ በኩራት ይነግረኝ ነበር። ስለዚህ ብቻዎን ሆነው ያንብቡልኝ። ሶፊያም ብትሆን እንዳታየው።

የአርባው ቀን ሰደቃ ለት ሲደውሉልኝ አንድ ነገር ጠየቁኝ። ሌላው ሰው ሁሉ «ተሠቃየ ወይ? ምን ተናገረ?» ነበር የሚለኝ። እርስዎ ግን «ልጄ መጨረሻ የበላው ምንድን ነው?» አሉ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። አልተቋረጠም፣ እማ። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ልዝጋው እንጂ ጥያቄዎ አብሮኝ ነው የከረመው። አውቶቡስ ላይ፣ ሥራ ቦታ፣ የአዛውንቶቹን አልጋ ሳነጥፍ፣ ያው ድምፅዎ ጆሮዬ ላይ ነው። ለምን እንደጠየቁኝም አውቃለሁ። ስንጋባ ሃይማኖትሽን ቀይሪ አላሉኝም። ወሎ ውስጥ እስላምና ክርስቲያን መጋባቱ ብርቅ እንዳልሆነ ነግረውኝ፣ «አንድ ቃል ብቻ ግቢልኝ፤ ልጄን ሐራም እንዳታበዪው» አሉኝ። ገባሁልዎ። የኔም እናት በበኩሏ «የእስላም ሥጋ አፍሽ ከገባ ጡቴን እንዳልጠባሽ እቆጥረዋለሁ» ብላኝ ነበር። እንግዲህ ሁለት እናት መሐል ገብተን ምን እናድርግ? ዓሣ በላን። ዓሣን ማንም አያርደውም።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱ የኔን ወገን ሥጋ አልቀመሰ፣ እኔ የሱን አልቀመስኩ፣ ከቤታችንም ሥጋ የሚባል ገብቶ አያውቅም። ምግብ ቤት ስንሄድ ሜኑ ሳናይ ዓሣ ነው የምናዘው። ጓደኞቻችን «ድመቶቹ መጡ» ይሉን ነበር። ልጅዎ ዐብዱም «ሚያው» ብሎ ይመልስላቸው ነበር። ሳቁን ያውቁታል።

በመጋቢት ምግብ አልወርድ ሲለው ለእርስዎ «ጨጓራውን አሞት ነው» አልንዎት። በየሳምንቱ ሲደውሉ «በላ?» ይላሉ፤ እኔ «ጥርግ አድርጎ!» እላለሁ፤ እሱ አጠገቤ ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነና ሦስታችንም ስለ ብርድና ስለ ሙቀት እናወራ ነበር። ይህን በደል ይቅር ይበሉኝ። እሱ ነው ዋሺያት ያለኝ፤ የዋሸሁት ግን እኔ ነኝ።

በሰኔ መጨረሻ ሐኪሙ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «ሆሊደይ የመሄድ ሐሳብ ካላችሁ አሁን ሂዱ» አለን። ከዚያ በላይ አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅን። አገር ቤት እንሂድ፣ እናትህን እያት ብዬ ለመንኩት። እግሩ ላይ ወድቄ ነው የለመንኩት፣ እማ። «እናቴ እንዲህ ሆኜ አታየኝም። ወፍራም እንደነበርኩ ታስበኝ» አለ። ከዚያ ሜክሲኮ አለኝ። የሚነዳው አውቶቡስ በሚቆምበት አንድ ፌርማታ ላይ የትኬት ሱቅ አለ፤ መስኮቱ ላይ ቫያርታ የምትባል የሜክሲኮ የባሕር ዳር ከተማ ፎቶ ተለጥፏል። ሰው እስኪወርድ እስኪሳፈር ስድስት ዓመት ሙሉ ያቺን ፎቶ ሲያይ ኖሯል። ለኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ነግሮኝ አያውቅም ነበር። ይሄ ያናድደኛል፤ ዛሬም ድረስ ያናድደኛል።

ሄድን። ከተማዋ ፎቶዋን ትመስላለች፤ ውሸት የለባትም። ሙቀቱ ግን እንደ ሎጊያ ነው፣ ከሰዓት ደግሞ ይዘንባል። በየቀኑ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ለብሰን፣ ሽቶ ተቀብተን እንወጣለን። ባሕሩ ዳር አሸዋው ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ያበላሉ። ዐብዱ እንደ ጤነኛ ሰው ያዛል፦ በእንጨት ተሰክቶ የተጠበሰ ዓሣ፣ ጥሬውን በሎሚ የታሸ ዓሣ። ጥሬውን «የዓሣ ክትፎ» ብሎ ስም አወጣለት። ይመጣል። አንድ ጊዜ ይቆነጥርና ወደ አፉ ያስጠጋል፣ ያሸተዋል፣ ይመልሰዋል። ከዚያ ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወደኔ ይገፋዋል። አስተናጋጁ እንዳይቀየመው የሁለታችንን እበላለሁ። እሱ ሲከሳ እኔ ወፈርኩልዎ። በሳምንት ውስጥ ቀሚሴ ጠበበኝ።

በአራተኛው ቀን ግን አልቻልኩም። ሰው በሞላበት «ብላ! ለኔ ስትል ብላ! ነገ አንተ ስትሄድ ከማን ጋር ልበላ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። በአራት ወር ውስጥ ሁለታችንም ያላወጣናትን ቃል እኔ አወጣኋት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዐብዱ አልተቆጣም። አፉን በናፕኪን ጠረገ፤ የሚጠረግ ነገርም አልነበረውም። «ከሰው ጋር ብዪ። ብቻሽን ግን አትብዪ» አለኝ።

በማግሥቱ ጠዋት የሕመም ማስታገሻው ስላለቀ መድኃኒት ቤት ፍለጋ ከሆቴሉ ጀርባ ያለውን ዳገት ወጣን። ጭቃ ነው፤ ቱሪስት የማይሄድበት ሰፈር። አንዲት ሴትዮ ደጃፏ ላይ ትልቅ ድስት ጥዳ፣ ሦስት የፕላስቲክ ጠረጴዛ አውጥታ ሠራተኞችን ታበላለች። ዐብዱ ቆመ። የደከመው መስሎኝ ክንዱን ያዝኩት። «ፍየል ነው» አለ። «በርበሬው ደግሞ! አረፋ ለት ቤታችን እንዲህ ነው የሚሸት።» ከዚያ «ራበኝ» አለ። እማ፣ ይህችን ቃል ከአፉ ከሰማሁ አራት ወር አልፎኝ ነበር።

ተቀመጠና ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። ከዚያ ትዝ አለውና «እስኪ ማን እንዳረደው ጠይቂልኝ» አለኝ። እሱ የአገሩን ቋንቋ አይሰማም። እኔ ከኮሎምቢያ ሴቶች ጋር ቢሮ ሳጸዳ የለቃቀምኳት ስፓኒሽ ስላለችኝ፣ እዚያ ከተማ ጆሮውም አፉም እኔ ነበርኩ።

ሴትዮዋን ተከትዬ ኩሽናዋ ገባሁ። ግድግዳዋ ላይ የእመቤታችን ሥዕል በአበባ ተከቦ ተሰቅሏል። ማን እንደሚያርድ ስጠይቃት ጥያቄው ገርሟት «ወንድሜ ነዋ!» አለችኝ፤ ከተራራው ማዶ ፍየል እንደሚያረባ፣ ሲያርድም እንደሚያማትብ ነገረችኝ። ለኔ እንግዲህ ነገሩ አለቀ፤ የክርስቲያን ሥጋ ነው። ለሱም አለቀ። በሩ ላይ ቆሜ ከጀርባው አየሁት። አንገቱ ኮሌታው ውስጥ ጠፍቷል። ጠረኑ እንዳያመልጠው ይመስል አፍንጫውን ወደ ድስቱ አዙሯል። ቃሌን አሰብኩ። እርስዎንም አሰብኩ። አላሰብኩም ብዬ አልዋሽዎትም።

ወጣሁና «አራጁ ሶሪያዊ ነው፤ እስላም ነው። የአላህን ስም ጠርቶ ነው የሚያርድ አለችኝ» አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ከእርስዎ ጋር በስልክ በየሳምንቱ ስለማመድ ነው የከረምኩት።

መጣ። ሥጋው ቀይ መረቅ ውስጥ ይዋኛል፤ ከበቆሎ ቂጣ፣ ከሽንኩርትና ከሎሚ ጋር። ዐብዱ ከቂጣው ቆርሶ፣ ሥጋውን ጠቅልሎ፣ መረቅ አጥቅሶ መጀመሪያ ወደኔ ዘረጋ። እሱ መብላት ሊጀምር ነው በሚል ደስታ ናላዬ ዞሮ ነበር፤ «የእስላም ነው» ባልኩበት አፌ ጎረስኩ። አላመጥኩ፣ ዋጥኩ። መረቁ አገጬ ላይ ሲወርድ በእጄ ጠረግሁት። ልጅዎ እያየኝ ነበር። ብዙ አየኝ። ከዚያ «ጣፈጠሽ?» አለኝ። «በጣም» አልኩት። ሳቀ። ከታመመ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አልሰማሁትም። «በይ እንግዲያ አብረን ነን» አለና፣ ቢስሚላህ ብሎ መብላት ጀመረ።

በላ፣ እማ። አራት ቂጣ በላ፣ መረቁን በሳህኑ ጠጣ። ግንባሩን በርበሬው አላበው። አልመለሰውም፤ ሆዱ ውስጥ ቀረለት። እኔ ወደ መንገዱ ዞሬ አለቀስኩ፤ ሴትዮዋም ምን እንደነካን ባታውቅም መረቅ ጨመረችልን። እስክንመለስ ድረስ ሦስት ጠዋት እዚያው ሄድን። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ማን እንዳረደው አልጠየቀኝም።

ለንደን ስንገባ ጉሮሮው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ከውሃና ከሐኪም ቤት ፈሳሽ በቀር የቀመሰው ነገር የለም። ሰባት ሳምንት ቆየ። በመጨረሻዋ ጠዋት ሸሃዳውን በራሱ አፍ ብሎ ነው የሄደው፤ ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የመስጊዱ ሰዎች አጥበው፣ ከፍነው በደንቡ ቀበሩት። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከኋላ ቆምኩ። አንዲት የማላውቃት ሶማሊያዊት እጄን እስከ መጨረሻው ይዛኝ ነበር።

መልሱ እንግዲህ ይኸው ነው። ልጅዎ መጨረሻ የበላው የፍየል ሥጋ ነው፤ ክርስቲያን ያረደው፣ ምራትዎ ዋሽታ ያበላችው። ለእርስዎ የገባሁትን ቃል አጥፌያለሁ። ዓሣ ነው ብዬ መጻፍ እችል ነበር፤ ሁለት ጊዜ እንዲያ ብዬ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ጠዋት መልሰው ቢሰጡኝ አሁንም እዋሸዋለሁ። ይህን የምልዎ እንዲምሩኝ አይደለም። ቢረግሙኝ በወለደ አንጀትዎ ነው፤ አንገቴን ደፍቼ እቀበላለሁ። ስልክዎን ብጠብቅም ባይደውሉልኝ አልቀየምም።

እሱ ግን አላወቀም። ሳያውቅ የበላ ሰው አይጠየቅም ይላሉ፤ የመስጊዱን ሽማግሌ ሄጄ ጠይቄ «አይጠየቅም» ብለውኛል። ስለዚህ ዱዓ ሲያደርጉለት በዚህ ነገር ልብዎ እንዳይሸበር። ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው። እሱ አላወቀም፣ እማ። እርስዎም አላወቀም ብለው ይያዙልኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ያን ጠዋት እኔ ለምን እንደጎረስኩ አይጠይቁኝ።

አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ጉልበትዎን ያጽናልዎ፤ ሶፊያን ለወግ ለማዕረግ አድርሶ የቀረ ደስታዎን ያሳይዎ። ለልጅዎ ማረፊያውን ያስፋለት።

የማትረሳዎ ምራትዎ፣
የልጅዎ ሚስት