አባባ ፊታቸውን የገለጡ ዕለት

ተገኙ! እትዬ፣ አባባ ተገኙ! በሕይወት፣ በሙሉ አካላቸው! ይህን ስጽፍልሽ እዚሁ ከጎኔ ቁጭ ብለው ሾርባ እየጠጡ «ጨው አንሶታል» እያሉ ይነዘንዙኛል። እልል በይ! ማልቀስ ካማረሽም አሁን አልቅሺ፤ የደስታ ነውና ማንም አይቆጣሽ።

ሰላምታውን ዘልዬ መግባቴን እለፊኝ። እንደምን አለሽልኝ የኔ እናት? ወገብሽን እንዴት አድርጎሻል? ማዕድን ቆፋሪው ባልሽን ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ? አማትሽስ እንክብሉን ከምላሳቸው ሥር ደብቀው መትፋቱን ተዉ? እኛ ከአባባ ጉንፋንና ከኔ የጎረነነ ድምፅ በቀር ምንም አልሆንን፣ ተመስገን። ሐሙስ ዕለት «አባባ ጠፍተዋል» እንዳልኩሽ ስልኩ ድርግም ሲል ምን እንደምትሆኚ እያሰብኩ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የካምፓችሁ የስልክ ምሰሶ ተጠግኖ እስኪቆም ሌላ መንገድ የለም አሉኝ፤ ስለዚህ ደብዳቤውን ዕቃ ለሚያመላልስላችሁ ሹፌር እሰጠዋለሁ። እንግዲህ ቁጭ በይና ከሥሩ ልንገርሽ።

የአባባ ሐሳብ ሄድ መለስ እንደሚል ታውቂያለሽ። አንዳንድ ቀን እኔን በእማዬ ስም ይጠሩኛል፤ አንዳንድ ቀን ከደኑ አዳኝነት ሥራቸው ጡረታ መውጣታቸውን ረስተው «አጋዘኖቹ ችግኙን ልጠው ሊጨርሱት ነው፣ እናንተ ትስቃላችሁ!» እያሉ ይቆጣሉ። ሐሙስ ከሰዓት እኔ ልብስ ሳሰጣ፣ ያንን አሮጌ የአደን ካፖርታቸውን ከምስማሩ አውርደው፣ የፊት መሸፈኛ ጨርቃቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ። ጠመንጃ እንኳ የላቸውም፤ ካስረከቡት ስንት ዘመኑ! ስገባ ምስማሩ ባዶውን ነው። እየጮህኩ ደጅ ወጣሁ።

ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ፍለጋውን የመራው የደን ጥበቃው አለቃ ነው፤ በዚያ በሚያጓራው ድምፁ የተነሣ እኛ ጡሩምባው ነው የምንለው፣ ዘንድሮ ደግሞ በላዩ ላይ የድምፅ ማጉያ ተሰጥቶታል። ደግ ሰው ነው፣ አልዋሽም። ሰዉ እጅ ለእጅ ተያይዞ ጫካውን ከዳር እዳር አበጠረው። «አባባ! አባባ!» የሚለው ጩኸት ከዛፍ ዛፍ እየተላተመ ወደኛው ሲመለስ፣ እትዬ፣ እኛ የምንጣራ ሳይሆን ጫካው እኛን የሚጠራ ይመስል ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ባሌ እንኳ፣ ያ ተጫዋች፣ አንድ ግንድ ተደግፎ ሲያለቅስ አየሁት። ዓርብም እንዲሁ መሸ። ጡሩምባው ማጉያውን አስቀመጠና ዓይኔን ሳያይ «ነገ ወንዙን ነው የምንፈትሸው» አለኝ። ወንዝ የሚፈተሸው ምን ሲፈለግ እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም።

ያኔ ነው ብልጭ ያለልኝ። አባባ ጫካ ውስጥ ሲጠሩ መልሰው ያውቃሉ? እስቲ አስቢው! እማዬ ምሳ ይዛ ከዳር ቆማ ስትጣራ አንድም ቀን «አቤት» ብለዋት አያውቁም። ድምፅ ሲሰሙ የባሰ ድርቅ ይሉ ነበር እንጂ። እኛንስ ከጎናቸው አስቀምጠው ምን ነበር የሚሉን? «የሳሙናሽ ሽታ ቀድሞሽ ይደርሳል። ነፋሱ ፊትሽን ይምታው እንጂ ጀርባሽን አይምታ። ከግንድ ጀርባ ማጮለቅ የሌባ ነው፤ ከግንዱ ፊት ተለጥፈሽ ተቀመጪ፣ ግንዱ ይውጥሽ። የአጋዘኑን ዓይን አትዪ፣ ኮቴውን እዪ።» አደኑ የሚያልቀውስ መቼ ነበር? ጨርቁን ከፊታቸው ገልጠው ፀጉራቸውን ሲያሻሹ! ከዚያ በፊት መሬት ብትሰነጠቅ ንቅንቅ የለም። ለካ እኛ በማጉያ ስንጮህ፣ አባባ ትንፋሻቸውን ውጠው «እነዚህ ጯሂዎች አጋዘኑን አስበረገጉብኝ» እያሉ ነው!

ጡሩምባውን «ነገ ጠዋት ሰው ሁሉ ከጫካው ይውጣልኝ፣ ኮሽታ እንዳይሰማ» ስለው ያበድኩ መሰለው። «ሴትዮ፣ ሰው ጠፍቶ ዝም ይባላል እንዴ?» አለ። «አባቴ የተደበቁ ናቸው እንጂ የጠፉ አይደሉም» አልኩት። ፀጉሩን አከከና «እስከ ረፋድ፤ ከዚያ ወንዙ» አለኝ።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ተነሣሁ። ሳሙና አልነካሁም፤ ማገዶ ቤት የከረመውን ካፖርት ለበስኩ፣ ፊቴና እጄ እንዳያበራ ጥላሸት ለቀለቅሁ፣ በሻሽ ተሸፋፈንኩ። ባሌ አሳዝኜው ሊያቅፈኝ ሲመጣ «ወግድ! ዳቦ ዳቦ ትሸታለህ፤ አጋዘኑ ቁርስ የመጣለት ይመስለዋል» ብዬ ገፋሁት። ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሳቀ።

ጫካውን ጉም ሞልቶታል። የአባባ አሮጌ ማማ፣ ያ ሁለት ቅርንጫፍ መሃል ሳንቃ መትተው የሠሩት፣ አሁንም አለ። መወጣጫውን በእጄ እየዳሰስኩ ወጣሁ። እዚያ አገኛቸዋለሁ ብዬ ነበር፤ የሉም። ግን ወርጄ የት ልሄድ? ጀርባዬን ለግንዱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። አሁን የምነግርሽን ለባሌም አልነገርኩት፤ ሳንቃው ይሞቅ ነበር። ቅጠሉ ሁሉ ጤዛ አዝሏል፣ ትንፋሼ ይጨሳል፣ ሳንቃው ግን ሰው አሁን እንደተነሣበት ወንበር ሞቅ ያለ ነው። ዞር ብዬ ማየት ፈልጌ ነበር። ግን መንቀሳቀስ ክልክል ነዋ!

ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ። ወፎቹ ባንዴ ዝም ሲሉ አጋዘኖቹ መጡ። መጡ ልበልሽ እንጂ ሲመጡ አላየሁም፤ ጉሙ እግር አወጣ ብልሽ ይሻላል። ኮቴ የሚባል አይሰማም! የምትመራቸው እናቲቱ ቀና ብላ የፊት እግሯን አንሥታ መሬቱን መታች። ጉድ ፈላ፣ አየችኝ አልኩ። ግን ፊቷ ወደኔ አይደለም። ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ከባሻገር ያለውን አንድ ዛፍ አፍጥጠው ያያሉ። ነፋሱ ሌሊት ዞሮ ኖሯል፤ ከዚያ ዛፍ ተነሥቶ በነሱ ላይ አልፎ ፊቴን ይመታኛል። እኔም አየሁ። አየሁ፣ አየሁ፣ ምንም የለም። ሐረግ፣ የዛፍ ሽበት፣ ከፍ ብሎ አንድ ጥቁር ጉጥ። ከዚያ ጉጡ ዓይኑን ጨፈነ።

እትዬ፣ ጩኺ ጩኺ አለኝ። ከስንት ሰዓት ጀምረው ነው ሲያዩኝ የቆዩት? ስወጣ፣ ስቀመጥ፣ እንባዬን በእጅጌዬ ስጠርግ? ግን ብጮህ አባባ ይደነግጣሉ፤ ከደነገጡ ከዚያ ከፍታ የሚይዛቸው የለም። አጋዘኖቹ እስኪሄዱ ጠበቅሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ሻሼን ገለጥኩ፣ ፀጉሬን አሻሸሁ። ምንም የለም። ግንዱ ግንድ ነው። ጉጥ ነው ያየሁት፣ እንግዲህ ወንዙ ነው ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ስል ከግንዱ ላይ እጅ ወጣ። ጨርቁ ተገለጠ። አባባ! ፂማቸው ላይ ጤዛ አንጠልጥለው። የመጀመሪያ ቃላቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ሁለቴ ተንቀሳቀስሽ።»

ጡሩምባውና ሰዎቹ በገመድ አወረዷቸው፤ ተንቀሳቀስክ እያሉ እሱንም ሲቆጡት ነበር። ሐኪሟ ብርድና ረሃብ ብቻ ነው ብላናለች። ቤት ገብተው ሲሞቃቸው አፋቸው ተፈታ። ሁላችንንም አይተውናል! ጡሩምባው እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ካልሲውን ሲጨምቅ አይተዋል። ባሌ ተደግፎት ያለቀሰውም እሳቸው ያሉበትን ግንድ ኖሯል። «ደህና ልጅ ነው፣ ሽታው ነው እንጂ» አሉ።

«እንቅልፍ አልጣለዎትም?» ብላቸው «ያኛው እያየኝ እንዴት ይጥለኛል?» አሉኝ። የቱ? «ማማው ላይ የነበረው ነዋ። እናንተ ስትሄዱ እሱ አልሄደም። ባሸለብኩ ቁጥር ቀና ስል፣ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። አፈርኩ። እሱን እያየሁ ነው ያልወደቅኩት። አንቺ ልትደርሺ ስትዪ ተነሣልሽ።» ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሾርባቸውን እያማሰሉ «ፊቱን አልገለጠልኝማ» አሉ።

ያን ሳንቃ የዳሰሰው መዳፌ እንደገና ሞቀኝ። ባሌ «ሐሳባቸው ነው» ይላል፤ ይበል። ማንም ይሁን ማን አባቴን ጠብቆልኛልና አልፈራውም። እሺ፣ ትንሽ እፈራዋለሁ። አባባ ደግሞ አሁን ቤት ውስጥም ዝም ብሎ መቀመጥ ለምደዋል፤ ትናንት ባሌ ሳሎን ገብቶ «አባባ የታሉ?» እያለ ሲጮህ፣ ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው እያዩት ነበር።

ባልሽን ሳሉን እንዲያስመረምር ንገሪልኝ። ለአማትሽ እጅ ነሥቻለሁ። ትልቁን ልጅ ግንባሩን፣ ትንሿን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ባሌ «የእህቴን ሆድ እንዳታባቢ» ብሎ ሰላምታውን ልኳል። ከጫካው ዳር ካለው ቤታችን፣ ሰኞ ጠዋት ተጻፈ።

ድግሱን አልነገርኩሽም ለካ! ለአባባ መገኘት ትልቅ ድግስ አለን፤ ባሌ ከበር የማይገባ ዳቦ ሊጋግር ዝቷል፣ ጡሩምባውም ያለ ማጉያው ይመጣል። ሁላችሁም መምጣት አለባችሁ፣ አማትሽም ጭምር፤ ሰበብ አልሰማም። አባባ ግን አንድ ነገር አዝዘዋል። «ለዚያኛውም ወንበር ይቀመጥለት፣ በሩም ክፍት ይሁን። እዚህ መጥቶ ፊቱን ከገለጠ አደኑ ያኔ አለቀ ማለት ነው» ብለዋል። ወንበሩን መርጫለሁ፤ ልጆቹ እንዳይቀመጡበት ከወዲሁ ንገሪያቸው። ደግሞ ሽቶ ሳትቀቡ ኑ፤ ቀኑ የሚመጣው ወር የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው።