ሦስት ስም ስላለው አንድ ኮከብ፣ ለማጣሪያው ጽሕፈት ቤት

ይድረስ ለተከበሩ የተማሪዎች ሳይንስ ውድድር ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ካሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም ያለ ዕረፍት ለሚሠራው ማህተምዎ ጤና እመኛለሁ። እኛ አዲስ ቅዳም ያለን ሰዎች ከድካም በስተቀር ደኅና ነን። እኔ እዚሁ ፊዚክስ በማስተማር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆየሁ መምህር ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ እንጂ ክብርዎን ለመንካት ፈልጌ አይደለም።

ነገሩን ላስታውስዎ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዬ ፋና ወገኔ ሁለት በጋ ሙሉ አንድ ኮከብ በዓይኗ ስትከታተል ቆየች። ኮከቡ በየሦስት ቀኑ ገደማ ለጥቂት ሰዓታት ይደበዝዝና መልሶ ይበራል። የደበዘዘው ራሱ ይሁን ወይስ የሰፈራችን የከሰል ጭስ ሸፍኖት እንደሆነ ለመለየት፣ ከጎኑ ካሉት ኮከቦች ጋር እያስተያየች በደብተሯ መዘገበች። በጥር ወር ደብተሩን ከቅጹ፣ ከሰማይ ካርታና ከአንድ ገጽ ማጠቃለያ ጋር አድርገን ላክንልዎ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የገባ ተማሪ መወዳደር ስለማይፈቀድለት ዕድሏ ዘንድሮ ብቻ ነበር።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ቅጹ ላይ «አልጎል»፣ ካርታው ላይ «ቤታ ፐርሲ»፣ ማጠቃለያው ላይ ደግሞ «ኤች ዲ 19356» የሚል ተጽፎ ነበር። ሁሉም የአንድ ኮከብ ስሞች ናቸው፤ የመጀመሪያው ከዓረቦች የመጣ፣ ሁለተኛው የካርታ ሠሪዎች፣ ቁጥሩ ደግሞ ኮከቦችን በመዝገብ የዘረዘሩ ሰዎች ያወጡለት ነው። በእኛ አገር የክርስትና ስሙ ሌላ፣ የቤት ስሙ ሌላ፣ የትምህርት ቤት ስሙ ሌላ የሆነ ሰው ብርቅ ስላልሆነ ይህ ያስቸግራል ብዬ አላሰብኩም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ አንድ ተማሪ በአንድ ቅጽ ሦስት ኮከብ ማጥናት እንደማይፈቀድለት ገልጾ መለሰልን።

ሁለተኛ፣ አንዱን ስም እንድንመርጥ ስላዘዙን አመሰግናለሁ። ፋና ሌላ ኮከብ ሊጋራው አይችልም ብላ ቁጥሩን መረጠች፤ ትክክል ነበረች። ቅጹ ግን ስም እስከ አያት የሚጠይቅ ስለሆነ የኮከቡ አባትና አያት ቦታ ባዶ ቀረ፤ «ያልተሟላ» ተብሎም ተመለሰ።

ሦስተኛ፣ ስሞቹ የአንድ ኮከብ መሆናቸውን ከቀበሌ አጽፈን፣ በምስክርም አስደግፈን እንድናቀርብ ጠየቁን። ሰው ስሙ ከሰነድ ሰነድ ሲለያይበት እንዲህ እንደሚደረግ ስለማውቅ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ሄድኩ። የቀበሌዋ ሠራተኛ ወይዘሮ ዋጋዬ ኮከቡ ነዋሪ ነው ወይስ ለቋል ብለው ጠየቁኝ። ስቀው ሲያበቁ አዘኑልንና «ኮከቡ የቀበሌያችን ነዋሪ አለመሆኑን እንገልጻለን» የሚል ደብዳቤ ሰጡን። ጽሕፈት ቤትዎ ያለ ምንም ጥያቄ የተቀበለን ሰነድ እሱ ብቻ ነው።

ለምስክርነት ደግሞ የፋና አባት አቶ ወገኔ የመስኖ ድንቻቸውን ትተው እርስዎ ዘንድ ድረስ መጡ። ኮከቡን ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚያውቁት በሐቅ ተናገሩ፤ ይጠቅማል ብለውም በአገውኛ የሚጠሩበትን ስም ጨመሩ። ጸሐፊዎ ይህን «አራተኛ ስም» ብሎ መዘገበው፤ ለእሱም ማረጋገጫ ተጠየቀ። አቶ ወገኔ እስከ ዛሬ ድረስ የልጄን ዕድል ያበላሸሁት እኔ ነኝ እያሉ ይቆጫሉ። እውነቱን የተናገረ ሰው በዚህ ዕድሜው እንዲህ ሲያፍር ማየት ያሳዝነኛል።

መጋቢት ላይ ጊዜው አለፈና ያለፉት ተማሪዎች ስም ተለጠፈ። ፋና ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ አንብባ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት እንዲህ ቃል በቃል ይደርስብናል ብዬ አስቤ አላውቅም። እርስዎን ልወቅስ አልችልም፤ ደንብ ደንብ ነው። ግን ያቺ ልጅ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀና ብላ ሰማዩን አታይም።

ስለ ሰጡን ትምህርት እያመሰገንኩ፣ ከፍ ወዳለ ወንበር እንዲያድጉና ከዚያም በላይ ቅጽ እንዲበዛልዎ ከልብ የምመኝልዎ፣

ደካማው አገልጋይዎ፣
ይኸነው ባምላክ አዝመራው
አዲስ ቅዳም

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፋና ደብተር ትናንት ከጽሕፈት ቤትዎ ተመልሶ ደረሰን፤ ስላልጠፋ አመሰግናለሁ። ሽፋኑ ላይ አራት ማህተም አርፎበታል። የታሰረበት ክር ግን ፋና ስትልከው እንደቋጠረችው ነበር፤ የፈታው ሰው የለም። እኔው ፈታሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሦስቱን ስሞች በተርታ ጽፋ፣ ከሥራቸው በቀይ እስክሪብቶ «ሦስቱም አንድ ኮከብ ናቸው» ብላለች።