«ሽንቴ አስቸገረኝ» ላለ ሰው ስለተሰጠ ክኒን

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ፣ እናቴና አባቴ እስካሁን በሕይወት አለን፤ ለእርስዎ ጤና ጣቢያ ደንበኛ ለሆነ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለእርስዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ሲያዙት የሚከፈት፣ ሲበቃው የሚዘጋ የሽንት ፊኛ እንዲኖርዎ።

እኔ ተማሪ ነኝ፤ በቅርቡ የሞተው የአውቶቡስ ሾፌር ታናሽ ወንድም። ባልደረቦቹ «ታንከሩ» ይሉት ነበር፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳይወርድ ሽንቱን ይዞ ስለሚነዳ። እኔ የምጠራው ወንድም ጋሼ ብዬ ነው። ይህን የምጽፈው እሱን ይመልሱልኛል ብዬ አይደለም፤ ለዚያ የሚሆን መድኃኒት መደብርዎ ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ። የምጽፈው አባቴም ሰሞኑን መጸዳጃ ቤት ገብቶ፣ የእጅ መታጠቢያውን ቧንቧ ከፍቶ መቆየት ስለጀመረ ነው። ቧንቧውን የሚከፍተው ሌላውን እንዳንሰማ ነው፤ እኛም የምንሰማው ቧንቧውን ብቻ ነው። በአቅራቢያችን ሌላ ጤና ጣቢያ ስለሌለ አባቴም ወደ እርስዎ መምጣቱ አይቀርምና፣ ከእሱ በፊት ምስጋናዬን ላድርስ።

አንደኛ፣ ስለ ምርመራ ክፍሉ አመሰግናለሁ። በር የለውም፤ መጋረጃ ግን አለው። መጋረጃው ከጉልበት በታች ስለማይደርስ ወረፋ የያዘ ሁሉ የሚመረመረውን ሰው በጫማው ያውቀዋል። ወንድም ጋሼ የገባ ዕለት እኔም አብሬው ሄጄ ወረፋው ላይ ቆሜ ነበር። ግማሾቹ የእሱ ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ አንዲት እናት «ውይ፣ ሾፌራችን! ምን ሆኖ ይሆን?» ብለው አንገታቸውን አስግገው ነበር። ሐኪሙም ከውስጥ «ምንህን ነው? ጮክ በል እንጂ!» አሉት። ወንድም ጋሼ ጨዋ ሰው በዚህ ጊዜ የሚለውን አለ፤ «ሽንቴ አስቸገረኝ»።

ሁለተኛ፣ ስለ ፍጥነታችሁ። «ያመልጥሃል?» «አልፎ አልፎ ጠብ ይላል።» ምርመራው ይኸው ነው። ሆዱ ላይ እጁን ያሳረፈ ሰው አልነበረም። ከእምብርቱ በታች ኳስ የዋጠ ይመስል ነበርኮ፤ እናቴ ሸሚዙን እየተኮሰች «ሆድ አወጣህ፣ ተመቸህ ማለት ነው» እያለች ትስቅበት ነበር። እናቴም ተሳስታለች፤ ቢሆንም እሷ ሆዱን አይታዋለች።

ሦስተኛ፣ ስለ መድኃኒቱ። የሰጣችሁት ክኒን ሽንቱ አልያዝ ላለው ሰው የሚሰጥ፣ የፊኛን ጡንቻ የሚያረጋጋ ነው። ለሚገባው ሰው ግሩም መድኃኒት ይመስለኛል። የወንድም ጋሼ ፊኛ ግን ቀድሞውንም ከሚገባው በላይ የተረጋጋ ነበር። ጡንቻው ደክሞ መግፋት ስላቃተው ሽንቱ ውስጥ ተጠራቅሞ፣ ጠብ ይል የነበረው ሞልቶ የተረፈው ነው። ሸክም ማንሳት ያቃተውን ሰው የእንቅልፍ ክኒን አስውጣችሁ «በርታ» አላችሁት። ክኒኑ ሥራውን በታማኝነት ሠራ፤ ጠብታውም ቆመ። ወንድም ጋሼ እንዴት ደስ እንዳለው! «ዳንኩ ባክህ! እነዚህ ሰዎች ይችሉበታል» አለኝ። ይህን የሟች ምስጋና ሳላደርስልዎ ብቀር ይቀየመኛል።

ከዚያ ትኩሳቱ መጣ፣ ጀርባውንም ያዘው። ረዳቱ ከመሪው ላይ ደግፎ አውርዶ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ወሰደው። እዚያ ያሉት ሐኪም አባቴንና እኔን ቁጭ አድርገው አስረዱን፤ ሽንቱ ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን ጎድቶታል፣ ኢንፌክሽኑም ደሙ ውስጥ ገብቷል። የደከመ የፊኛ ጡንቻን ለመቀስቀስ የሚሰጥ መድኃኒት እንዳለ፣ ግን ሁሉንም ወንድ እንደማይረዳ፣ እንዲያውም የሚጎዳው እንዳለ ነገሩን፤ የፊኛውን መውጫ የሚያላላም ሌላ አለ። ከመድኃኒት ሁሉ በፊት ግን የተጠራቀመውን በቀጭን ቱቦ ማውጣት ይገባ ነበር አሉ። በመጨረሻም አባቴን «ምነው ቀደም ብላችሁ በመጣችሁ» አሉት። ቀደም ብለንማ መጥተን ነበር፤ ወደ እርስዎ።

አራተኛ፣ ስለ ማስታወቂያው። ከቀብር በኋላ አባቴ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ ቅሬታውን ሲያሰማ «ታካሚው ሕመሙን በትክክል አላስረዳም» ብለው ሸኙት። ወዲያውም መግቢያው ላይ በትልልቅ ፊደል «ውድ ታካሚዎች፣ ሕመማችሁን በግልጽ ቃል ተናገሩ» የሚል ተለጠፈ። እግዜር ይስጥልን። ለካ ወንድሜን የገደለው ሰዋስው ነው።

ነገሩን ትምህርት ቤትም አጣርቻለሁ። የቋንቋ መምህራችን የአሻሚ ዓረፍተ ነገር ምሳሌ ሲጠይቁ እጄን አውጥቼ «ሽንቴ አስቸገረኝ» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ከኋላ አንዱ «ኧረ ዳይፐር ግዙለት!» አለ። መምህራችን ግን ሳይስቁ ሰሌዳው ላይ ጻፉትና ከሥሩ ሁለት ፍቺ አስቀመጡ፤ አልያዝ አለኝ፣ አልወጣ አለኝ። ሙሉ ነጥብም ሰጡኝ። ነጥቡን ለጤና ጣቢያዎ ባስተላልፈው ደስ ባለኝ፤ ማርክ ግን አይወረስም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ የምለምንዎ ሁለት ነገር ነው። ሐኪሞችዎ «ሽንቴ» የሚል ወንድ ሲመጣ «አልያዝ አለህ ወይስ አልወጣ አለህ?» ብለው ይጠይቁት፣ ሆዱንም ይንኩት። ይህ ስብሰባም ሥልጠናም የሚያስጠራ ባለመሆኑ እንደሚከብድዎ እረዳለሁ። ሁለተኛው በር ነው። የእርስዎ ቢሮ ሁለት በር እንዳለው አባቴ ነግሮኛል፤ በአንዱ ገብቶ በሌላኛው ስለሸኙት ያውቀዋል። በአንድ በር መግባትም መውጣትም ከቻሉ ሌላውን ቢያውሱን።

ጊዜዎን ሰጥተው ስላነበቡልኝ፣ ለወንድም ጋሼ ካዋሉት ጊዜ በላይ ነውና፣ ውለታዎን አልረሳም።

በግልጽ ቃል መናገርን በመለማመድ ላይ ያለሁ፣
አክባሪዎ ተማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አባቴ ሰኞ ጠዋት ይመጣል። ምን እንደሆነ ቢጠይቁት «እኔ ደህና ነኝ፣ ልጁ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው» ይላል። ስለዚህ አብሬው እገባለሁ። ይሉኝታዬን ከወንድሜ ጋር ስለቀበርኩት፣ እሱ አፍሮ የሚተወውን ሁሉ አንድ በአንድ የምናገረው እኔ ነኝ። ድምፄ ደግሞ ሰሞኑን እየጎረነነ ነው፤ ዝቅ አድርጌ መናገር ገና አልቻልኩበትም። በሩ እስከ ሰኞ ካልደረሰ፣ ወረፋው ሁሉ ይሰማል፤ ከአባቴም ሕመም በኋላ ስለ እርስዎ እቀጥላለሁ።