ከእጅ ያልወጣው አረቄ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

ከዱባይ ተመልሼ ዛሬ ቆሰበር ገባሁ። ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ እናቴ «አረቄዬን ቀመሱት ወይ?» አለችኝ። ዱባይ ለሚኖረው ወንድሜ ልጅ ክርስትና ብላ ራሷ ያወጣችው ነበር። ስሄድ «አደራ፣ ከእጅሽ እንዳይወጣ» ስላለችኝ ሻንጣ ውስጥ አልከተትኩትም፤ ታቅፌው ሄድኩ። ፈታሹ ግን ይህን ያህል ፈሳሽ በእጅ ይዞ አውሮፕላን መግባት ክልክል ነው ብሎ ከቆሻሻው ጨመረው። ሻንጣዬ ቀድሞኝ ወደ ጭነት ሄዶ ስለነበር እዚያ ልከተው አልቻልኩም። ደንቡን ሳልጠይቅ መሄዴ እስካሁን ያበሽቀኛል። የባሰው ደግሞ እውነቱን መናገር አቅቶኝ «በጣም ወደዱት» አልኳት።

ደስ ብሏት ሌላ ልትጠነስስ ተነሳች። በወሩ ወደዚያው የምትሄደውን ጎረቤታችንን ጠርታ «አደራ፣ ከእጅሽ እንዳይወጣ» ስትላት ሰማኋት።