ጥርስ ያስፈታቸው ሽማግሌ

አንተ ወዳጄ፣ ጥብቅናው እንዴት ይዞሃል? እኔና አንተ ደንበኛችንን የምናውቀው ችሎት በር ላይ ነው፤ እዚህ በምጎበኘው ቢሮ ግን ለድሆች በነፃ የምትቆመው ጠበቃ ከማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር አንድ ጠረጴዛ ትጋራለች። ብስክሌት ሰረቁ የተባሉ ጥርስ አልባ ሽማግሌ ነበሩ። ሲያጉተመትሙ ዳኛው «ሰክረዋል» ብለው ሊያስሯቸው ምንም አልቀራቸውም ነበር። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገጠመችላቸው። ዛሬ ጥርት ባለ አንደበት ብስክሌቱን ያዋሳቸው የሰፈር ዘበኛ መሆኑን ተናገሩ፤ ዘበኛውም ተጠርቶ አመነ። ዳኛው፣ «አባባ፣ ነፃ ነዎት፤ ይሂዱ» ቢሏቸው፣ «መች ጨረስኩና!» ብለው ወደ ትዳራቸው ታሪክ ገቡ። ጠበቃዋ ወደ ባልደረባዋ ጠጋ ብላ፣ «በእናትሽ፣ ጥርሱን አውልቂላቸው» አለቻት።

ቦታ ስላነሰኝ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ጽፌያለሁና ፖስት ካርዱን እያዞርክ አንብብ። እማማን ጉልበታቸውን፣ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ።