የኂሩት ሙዚየም

እሑድ፣ ዲሴምበር 19፣ 2021፣ ኮሎምበስ

ጠዋት ኦቤትስ ባለው ዌርሃውስ ካርቶን ሳሽግ አድሬ ቤት እንደገባሁ እህቴ ኂሩት ከጣሊያን በቪዲዮ ደወለች። የምትሠራው የጌታን ልደት በትናንሽ የሸክላ ምስሎች በሚያሳይ ሙዚየም ነው። ለልጄ ለሜሮን ግርግሙን፣ እረኞቹን፣ ጣሊያኖቹ ከሕፃኑ አጠገብ የሚያቆሙትን ዓሣ ሻጭ ሳይቀር እያዞረች አሳየቻት። ለእኔ በእንግሊዝኛ ብቻ የምትመልሰው ልጅ ለአክስቷ በአማርኛ ተንተባተበች።

«አክስቴ፣ ሥራሽ ኩል ነው፣ ደስ ይላል! የማሚ ቦክስ ብቻ ነው።»

ቀናሁ። «ኔትወርኩ አስቸገረ» ብዬ ዘጋሁት። ኔትወርኩ ምንም አልሆነም።

ለምሳ ልጠራት ስሄድ ከክፍሏ ሳቅ ሰማሁ። በታብሌቷ መልሳ ደውላላታለች።

«እናትሽስ?» አለቻት ኂሩት።

«ተኝታለች።»

ምሳ ስሠራ አይታኛለች። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሳላንኳኳ ተመለስኩ።